ያልመጣው ደንበኛ

አቶ ሀብተጊዮርጊስ በጀርመን አገር፣ ጋሉስ በሚባል ሰፈር፣ የትራም ድምፅ በሚያናውጠው አሮጌ ፎቅ ላይ ብቻቸውን የሚኖሩ የስድሳ ስምንት ዓመት ሰው ናቸው። ወደ ጀርመን የመጡት በደርግ ጊዜ ለትምህርት ነው። ትምህርቱ አለቀ፣ ደርግ ግን አላለቀም፤ ስለዚህ ቀሩ። ደርግ ሲያልቅ ደግሞ ሥራ ይዘው ሚስት አግብተው ነበርና እንደገና ቀሩ። ሠላሳ አንድ ዓመት በአንድ የኬሚካል ፋብሪካ ላቦራቶሪ ውስጥ ፈሳሽ ሲለኩ ኖረው ጡረታ ወጡ። ባለቤታቸው ገላነሽ ካረፈች ሰባት ዓመት አልፏታል።

ጡረታ የወጣ ሰው መቼም አንድ ነገር መሥራት አለበት። እሳቸው ማስተርጎም ያዙ። "ጋሼ፣ ሐሙስ ቴርሚን አለኝ፣ አብረውኝ ይሂዱ" ብሎ ለቀጠሮው የሚደውል ባለጉዳይ አይጠፋም። አቶ ሀብተጊዮርጊስም ከረባታቸውን አስረው ይሄዳሉ። ከረባቱ ለጥርስ ሐኪሙም፣ ለውጭ ዜጎች ቢሮውም፣ ለልጅ ትምህርት ቤቱም ያው አንድ ሰማያዊ ከረባት ነው።

በተለይ የታወቁት ግን ሌላው አስተርጓሚ በሚሸሸው ጉዳይ ነው። በከተማው ጤና ቢሮ፣ በጌዙንትሃይትስአምት፣ ስም ሳይጠየቅ የአባላዘር በሽታ የሚመረመርበት ክፍል አለ። የገባ ሁሉ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ውጤቱንም በዚያው ቁጥር ይወስዳል። ወጣቶቹ እዚያ እኩያቸውን ይዘው መሄድ አይፈልጉም፤ እኩያ ያወራል። አቶ ሀብተጊዮርጊስ አያወሩም። ሲያስተረጉሙ የሚያዩት ግድግዳውን ነው፤ ከወጡ በኋላም የሚያነሱት ስለ አየሩ ብቻ ነው። በአምስት ዓመት ውስጥ ስንት ሰው እንዳስመረመሩ ራሳቸውም አያውቁት።

አንዴ ኤርፖርት ሻንጣ የሚጭነውን ሙሌን ይዘው ሄዱ። ሙሌ ሲሸና ያቃጥለዋል፣ ፈሳሽም አለው። "ብርድ መትቶኝ ነው" አለ ለዶክተሯ፤ "አውሮፕላኑ ሥር ስንሠራ ነፋሱ ከታች ነው የሚገባው።" አቶ ሀብተጊዮርጊስ አንዲት ቃል ሳያጎድሉ ወደ ጀርመንኛ መለሱት። ዶክተሯ ፊቷ ምንም ሳይለወጥ፣ "ከብርዱ ጋር ኮንዶም ተጠቅመው ነበር?" ብላ ጠየቀች። እሳቸውም ያንኑ ለሙሌ ወደ አማርኛ መለሱለት። ሙሌ ጣሪያ ጣሪያውን እያየ፣ "አይ፣ ድንገት ነው የመጣው" አለ። ያን ቀን እንኳ ትራም ላይ ስለ አየሩ አላወሩም። ሙሌን ከፌርማታ እስከ ፌርማታ ሲመክሩት ሄዱ፦ ብርድ እንዲህ አያደርግም፤ ክላሚዲያ ነው ወይም ጨብጥ ነው፤ ወንድ ሆነህ ምልክት ካየህ ዕድለኛ ነህ፣ ብዙው ሰው ምንም ሳይሰማው ለወራት ይዞት ይዞራል።

ታዲያ ባለፈው መጋቢት፣ ጾሙ ከገባ ሁለት ሳምንት ግድም፣ አቶ ሀብተጊዮርጊስ አንድ ጠዋት ሽንት ቤት ገብተው ሲሸኑ አቃጠላቸው። በማግሥቱም አቃጠላቸው። በሦስተኛው ቀን የውስጥ ሱሪያቸው ላይ የሩዝ ውሃ የመሰለ ጠብታ አዩ። ቆመው ብዙ ተመለከቱት።

"ብርድ ይሆናል" አሉ።

ሦስት ቀን ሙሉ ብርድ ነው ብለው ተልባ ጠጡ፤ ሁለት ካልሲ ደርበው ተኙ። በአራተኛው ቀን ጥርሳቸውን ሲቦርሹ መስታወቱ ውስጥ ሙሌ ትዝ አላቸውና ብሩሹን አስቀመጡት። ቁም ሳጥናቸው ውስጥ የወንድማቸው ሚስት ከአዲስ አበባ ስትሸኛቸው "ለክፉ ቀን ይሆንዎታል" ብላ የሰጠቻቸው አሞክሳሲሊን አለ፤ ግማሹ ተውጦ ግማሹ የቀረ። እጃቸው እዚያ ድረስ ሄዶ ተመለሰ። ሳይመረመሩ የሚዋጥ መድኃኒት ምልክቱን ደብቆ በሽታውን ሊተወው እንደሚችል ይህ አፋቸው ስንቴ አስተርጉሟል!

ከየት እንደመጣም ያውቃሉ። ጥር ላይ የወንድማቸውን የውርስ ጉዳይ ለመጨረስ አዲስ አበባ ሄደው ነበር። እዚያ አንዲት የድሮ የክፍል ጓደኛቸውን አገኙ። ራት በሉ፣ ጠጅ ጠጡ፣ የሞቱትን አስተማሪዎቻቸውን አንድ በአንድ ሲያነሱ መሸ፤ አብረው አደሩ። ኮንዶም ብሎ ያነሳ አልነበረም። እሱ የወጣቶች ጉዳይ መስሏቸዋል፤ ለወጣቶቹ በአምስት ዓመት ውስጥ ያስተረጎሙት ምክር ሁሉ ለሳቸው የተነገረ አልመሰላቸውም።

ይህ ሁሉ የራሳቸው ጣጣ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። ግን እታለም አለች።

እታለም ስድሳ ሦስት ዓመቷ ነው። ኖርድቬስትሽታት በሚባለው ሰፈር፣ ስምንተኛ ፎቅ ላይ ትኖራለች። ሃያ ስምንት ዓመት በአረጋውያን መጦሪያ ሠርታ ወገቧን ይዛ ጡረታ የወጣች፣ ባሏ የሞተባት፣ ሳትስቅ የምታስቅ ሴት ናት። ከመስከረም ጀምሮ የሳቸው ወዳጅ ናት። መጀመሪያ "ጋሼ" እና "አንቱ" ነበር፤ ኅዳር ላይ "ሀብቴ" እና "አንተ" ሆነ። ከፋሲካ በኋላ ለቤተ ክርስቲያኑ ሰው ነግረው ሊጋቡ ተስማምተዋል። እስከዚያ ማንም እንዳያውቅ ይጠነቀቃሉ፤ ምክንያቱም ከእታለም በር ፊት ለፊት ዘርፈሽዋል ትኖራለች። ዘርፈሽዋል እሁድ ጠዋት የሰማችውን ነገር እሁድ ከሰዓት ሌላ ከተማ፣ ማንሃይም ያለ ሐበሻ ያውቀዋል። ስለዚህ አቶ ሀብተጊዮርጊስ እዚያ ፎቅ ላይ ደወል ተጭነው አያውቁም። ከሥር ሆነው ስልክ አንዴ ይደውላሉ፤ እታለም በሩን ገርበብ ታደርገዋለች፤ እሳቸው ኮቴያቸውን እያጠፉ ይገባሉ።

ከአዲስ አበባ ከተመለሱ በኋላ እስከ ቅበላ ድረስ አብረው ነበሩ። ጾሙ ሲገባ ግን ሁለቱም ጿሚ ናቸውና መኝታ ቀረ፤ እሁድ እሁድ ሽሮ በልተው ይለያያሉ። ሰይጣን ለአቶ ሀብተጊዮርጊስ ያቀበላቸው ሐሳብ ከዚሁ የተነሣ ነው። መድኃኒቱ ሰባት ቀን ነው። ፋሲካ ገና አምስት ሳምንት ይቀረዋል። ዝም ብለው ቢታከሙ ጾሙ ሳይፈታ ይድናሉ፤ እታለም "ለምን አልነካኸኝም" አትልም። ከዚህ የተሻለ መደበቂያ አይገኝም። አንድ ችግር ብቻ አለው፦ ከቅበላ በፊት ሰጥተዋት ከሆነ እሷ ሳታውቀው ይዛው ትቀራለች፤ ሴትን ደግሞ ውስጥ ውስጡን ነው የሚጎዳው። ይህንንም አስተርጉመውታል።

ማክሰኞ ጠዋት ከረባታቸውን አስረው ሄዱ። ለምርመራው ከመድረስ በፊት ሁለት ሰዓት ያህል አለመሽናት ያስፈልጋል፤ እሳቸውም ከቤት ከመውጣታቸው በፊት አልሸኑም። በሳቸው ዕድሜ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የትራሙ መንገጫገጭ ራሱን የቻለ ፈተና ነበር።

ስም አይጠየቅም የሚለው ነገር ለሳቸው እንደማይሠራ ያወቁት መስኮቱ ጋ ሲደርሱ ነው። እንግዳ ተቀባይዋ ፍራው ክሌም ገና ሲገቡ አይታ ፈገግ አለች።

"ሄር ሀብተጊዮርጊስ! ዛሬ ደግሞ ማንን ይዘው መጡ?"

አቶ ሀብተጊዮርጊስ ወደ ኋላቸው ዞረው አዩ። ማንም አልነበረም።

"እየመጣ ነው" አሉ።

ፍራው ክሌም ለሚመጣው ሰው አርባ አንድ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት ሰጠቻቸው። ወንበር ላይ ተቀምጠው ጎናቸው ያለውን ወንበር በኮፍያቸው ያዙለት። አንድ ወጣት መጥቶ "ሰው አለው?" አላቸው። "አለው" አሉት። ግማሽ ሰዓት አለፈ። ሽንታቸው መጣ፣ ሄደ፣ ደግሞ መጣ፤ በኋላ ጨርሶ መሄዱን ተወው።

አርባ አንድ ቁጥር ሲጠራ ብቻቸውን ገቡ። ዶክተር ሳልማ የሙሌ ዶክተር ናት፤ ወላጆቿ ከሞሮኮ የመጡ፣ እሷ ግን እዚሁ ተወልዳ ያደገች ወጣት ሴት። አገሩ ሐኪምን በአባቱ ስም ይጠራል፤ እሳቸው ግን እንደ አገራቸው ልማድ ዶክተር ሳልማ ይሏታል፤ እሷም ለምዳዋለች።

"ደንበኛዎ የት አሉ?" አለች።

"ትራም አመለጠው። ሁሉንም ለኔ ነግሮኛል፤ እኔ ልመልስለት እችላለሁ።"

ዶክተር ሳልማ አየቻቸው። ከረባታቸውን አየች፣ ጥብቅ አድርገው የገጠሙትን ጉልበታቸውን አየች። ከዚያ እስክሪብቶዋን አነሣች።

"ዕድሜያቸው?"

"ስድሳ ስምንት።"

"ምን ይሰማቸዋል?"

"ሲሸና ያቃጥለዋል። ጠዋት ጠዋት ትንሽ ፈሳሽ አለው፤ ነጣ ያለ፣ ቀጭን።"

"የዘር ፍሬያቸው አካባቢ ሕመም ወይም እብጠት?"

አቶ ሀብተጊዮርጊስ ግድግዳውን እያዩ ትንሽ አሰቡ። "የለም ይላል።"

"ከሴት ጋር ለመጨረሻ ጊዜ የተገናኙት መቼ ነው?"

"በቅበላ ሰሞን።"

"ቅበላ ምንድን ነው?"

"ከጾም በፊት ያለው። ከዚያ ወዲህ ጾም ነው፤ አይገናኝም።"

"ሃይማኖተኛ ሰው ናቸው እንግዲህ" አለች እየጻፈች። "ከዚያ በፊትስ ሌላ ሰው ነበር?"

"ጥር ላይ። በጥር እንዲህ ያለ ጾም አልነበረም።"

ዶክተር ሳልማ ይህንንም ጻፈች። ክዳን ያላት ትንሽ ኩባያ ከመሳቢያ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ወደሳቸው ገፋ አደረገቻት።

"እስካሁን ጥሩ አድርገው አስረድተውልኛል" አለች። "ሽንት ግን በአስተርጓሚ አይመጣም። ደንበኛዎ ከደረሱ ይህንን ይስጧቸው። መጸዳጃ ቤቱ በስተግራ ነው። መጀመሪያ የሚወጣውን እንጂ መካከለኛውን እንዳይዙ ይንገሯቸው።"

"ያውቀዋል" አሉ አቶ ሀብተጊዮርጊስ፤ ኩባያዋን ይዘውም ለሽማግሌ በማይገባ ፍጥነት ወጡ።

ተመልሰው ሲመጡ ፊታቸው ላይ ሰላም ነበር። ኩባያዋን አስቀመጡ።

"መጥቶ ነበር" አሉ። "ሄደ።"

"ደምም ያስፈልገኛል" አለች ዶክተር ሳልማ። "ለቂጥኝና ለኤች አይ ቪ።"

ከዚያ አቶ ሀብተጊዮርጊስ ኮታቸውን አወለቁ፣ የሸሚዛቸውን እጅጌ ጠቀለሉ፣ ክንዳቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉ። አንገታቸው ድረስ አፍረው ነበር። ዶክተር ሳልማ መርፌውን ስታስገባ፣ "ደንበኛዎ ጥሩ የደም ሥር አላቸው" ብቻ አለች። እሳቸው ይህችን ደግነቷን እስከ ዛሬ አልረሱላትም።

በሳምንቱ ማክሰኞ ውጤቱ መጣ፦ ክላሚዲያ ነው፤ ሌላው ሁሉ ነፃ። ዶክተር ሳልማ ዶክሲሳይክሊን ሰጠቻቸው፤ ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ፣ ለሰባት ቀን፤ ምልክቱ ቢጠፋም አለማቋረጥ፤ የሴት ጓደኛውም ታክማ እስክትጨርስ አለመገናኘት።

"የጥሯም የቅበላዋም ሴት ማወቅ አለባቸው" አለች። "ለሰውየው ይንገሩልኝ። ይህንን ግን እርስዎ እንዲያስተረጉሙለት አልፈልግም። ራሱ ይናገረው።"

ለጥሯ እዚያው ደጃፍ ቆመው አዲስ አበባ ደወሉ። አምስት ሺህ ኪሎ ሜትር ድፍረት ይሰጣል፤ በሦስት ደቂቃ ተናገሩ፤ ሴትዮዋም ሰድባቸው ዘጋች። የቅበላዋ ግን በኡባን፣ በምድር ውስጥ ባቡሩ፣ ሃያ ደቂቃ ላይ ናት።

እንደ ልማዳቸው ከሥር አንዴ ደወሉ፤ በሩ ገርበብ ብሎ ቆያቸው፤ ኮቴያቸውን አጥፍተው ገቡ። እታለም ኩሽና ውስጥ ምስር ትለቅም ነበር። ማክሰኞ መምጣታቸው አልገረማትም። ሻይ ቀዳችላቸው። መንገዱን ሁሉ ሲለማመዱት የመጡት ንግግር "እታለም፣ በድዬሻለሁ" የሚል ነበር። አፋቸውን ሲከፍቱ የወጣው ግን ሌላ ነው።

"አንድ ደንበኛ አለኝ" አሉ።

እታለም ምስሯን መልቀም አላቋረጠችም። "ምን ሆነ?"

"ክላሚዲያ ተገኘበት። ዛሬ ነው የተነገረው።"

"ስንት ዓመቱ ነው?"

"ስድሳ ስምንት።"

"ትልቅ ሰው ነው። ከየት አመጣው?"

"ጥር ላይ አዲስ አበባ ሄዶ ነበር። አንድ ቀን ነው። ተጸጽቷል።" ግድግዳውን አዩ። "እዚህ ሊያገባት ያሰባት ሴት አለችው። ከቅበላ በፊት አብረው ነበሩና፣ መመርመር አለባት፤ እንዴት እንደሚነግራት ግን ጨነቀው።"

እታለም አንዲት ጠጠር ከምስሩ አውጥታ ጣለች። እጇን በሽርጧ ጠርጋ ተነሣች። ማቀዝቀዣው ላይ ካለው ሬድዮ ኋላ አንድ የመድኃኒት ካርቶን አወጣችና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። አቶ ሀብተጊዮርጊስ ኮት ኪስ ውስጥ ያለው ያው ካርቶን ነው። ውስጡን ሳብ አድርጋ አሳየቻቸው፤ ከአሥራ አራቱ ክኒን ስምንቱ ተውጧል።

"ሆዴን ከታች ሲያመኝ የማኅፀን ሐኪሜ ጋ ሄድኩ" አለች። "ዓርብ ነው የነገሩኝ። ከባሌ ወዲህ ከአንድ ሰው በቀር አላውቅም፤ ስለዚህ ብዙ ማሰብ አላስፈለገኝም። ሐኪሟ ንገሪው ብላኛለች። እስከ ሐሙስ ቀን ሰጥቼ ራሱ ይነግረኝ እንደሁ እጠብቅ ነበር። ጋሼ ሀብተጊዮርጊስ፣ እኔ አስተርጓሚ አላስጠራሁም። ሰውየው ራሱ ይምጣ። አንቱ ይሂዱ።"

ከኅዳር ወዲህ አንቱ ብላቸው አታውቅም። ጥፊ ቢሆን ይሻላቸው ነበር። አቶ ሀብተጊዮርጊስ ኮፍያቸውን አንሥተው ወጡ። በሩ ከኋላቸው ተዘጋ፤ ቁልፉም ዞረ።

ሊፍቱ እዚያው ፎቅ ላይ ቆሞ ነበር። ቁልፉን ሲጫኑት ተከፈተ፤ ውስጡ መስታወት አለው፤ ከረባት ያሰረ ሽማግሌ ከመስታወቱ ውስጥ አያቸው። ቢገቡ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ኡባኑ ላይ ናቸው፤ ማንም ምንም አይሰማም፤ እታለምም ለማንም አትናገርም። ልባቸው እንዲህ ፈርቶ አያውቅም። ሊፍቱ ጥቂት ጠብቋቸው ተዘጋ።

ተመልሰው እታለም በር ላይ ቆሙና ደወሉን ተጫኑ። ያን ያህል ይጮኻል ብለው አላሰቡም።

"ማነው?" አለች ከውስጥ።

"እኔ ነኝ።"

"ምን ፈልገው ነው?"

ከፊት ለፊታቸው ካለው ከዘርፈሽዋል ቤት የሚሰማው ቴሌቪዥን ድንገት ጸጥ አለ። አቶ ሀብተጊዮርጊስ ሰሙት። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ክላሚዲያ የተገኘብኝ እኔ ነኝ" አሉ። "ጥር ላይ አዲስ አበባ ከአንዲት የድሮ የክፍል ጓደኛዬ ጋር አደርኩ። ሳልጠነቀቅ አደርኩ። ከዚያ መጥቼ፣ ሳላውቀው ለአንቺም ሰጠሁሽ። ያላወቅሽው ደግሞ አለ፤ ምልክቱን ካየሁ በኋላ በጾሙ ተሸፍኜ፣ ታክሜ፣ ዝም ልልሽ አስቤ ነበር። በድዬሻለሁ እታለም። አፍሬያለሁ። እወድሻለሁ።"

የዘርፈሽዋል በር አንድ ጣት ያህል ተከፈተ። በቀዳዳው የነጠላ ጥለትና አንድ ዓይን ታየ። አቶ ሀብተጊዮርጊስ ዞረው ኮፍያቸውን አነሡላት።

"እንደምን ዋሉ ወይዘሮ ዘርፈሽዋል" አሉና ወደ በሩ ተመለሱ። ድምፃቸውን አልቀነሱም። "መድኃኒቱን ዛሬ እጀምራለሁ። ውጤቱን ማየት ከፈለግሽ ቁጥሩ አርባ አንድ ነው፤ የኔ ነው።"

ኮሪደሩ ውስጥ ነፋስ አለ፤ ስምንተኛ ፎቅ ነው። አቶ ሀብተጊዮርጊስ ኮፍያቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆሙ። የዘርፈሽዋል ዓይን ከቀዳዳው አልተነቃነቀም።

ከዚያ ቁልፉ ዞረ። እታለም በሩን ከፈተች፤ ዓይኗ ቀልቷል፣ ፊቷ ግን እንደ ወትሮው ምንም አይነበብበትም። መጀመሪያ ዘርፈሽዋልን አየቻት፣ ቀጥሎ እሳቸውን።

"ግባ" አለች፤ "ብርድ እንዳይመታህ።"